የብርድ ልብስ ጫማ

ሰኔ 22፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የልጅ ልጄ ናት። «አያቴ፣ ሰው ላይ ከምትቀልድ ወረቀት ላይ ቀልድ፤ ወረቀት አይቀየምህም» አለችኝ። የማይቀየም ነገር ላይ መቀለድ ምን ይጥማል? ቢሆንም ደብተሩ መስመር አለው፤ መስመር ደግሞ እወዳለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ሳሰምር የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ።

አሁን ያለሁት በዚህ መጦሪያ ቤት፣ አራት ቁጥር ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ነው። በሩ አጠገብ ያለው አልጋ የሾፌሩ ነው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ ዛሬም ከወንበር ሲነሳ ቀኝ እጁ ማርሽ ያስገባል። «ስንተኛ ነው?» እለዋለሁ። «ዳገት አይደል እንዴ፣ አንደኛ ነዋ» ይለኛል። በዚህች ቀልድ ሁለት ዓመት ስቀናል። ርካሽ ናት፣ ግን አታልቅም።

የዛሬው ወሬ ሌላ ነው። ፖስተኛው ወደቀ። ቁርስ በልቶ ሲወጣ፣ ከመመገቢያው በር ፊት ለፊት፣ ቀጥ ባለው ኮሪደር ላይ። አርባ ዓመት በጭቃና በድንጋይ ላይ ደብዳቤ ሲያድል ያልወደቀ ሰው እንደ ጠረጴዛ በለሰለሰ ወለል ላይ እንዴት ይወድቃል? ነገሩ ከነከነኝ። የእጁ አንጓ ወለም ብሎታል፣ ሌላው ደህና ነው።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«እግሬ ቀደመኝ።»

«አንተንም የሚቀድም እግር ተገኘ?» ብዬ ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ፣ ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር።

ሲያነሱት አንዱ ጫማው ወልቆ ስለነበር አንስቼ አጠለቅኩለት። የሠራሁለት እኔ ነኝ፣ ከብርድ ልብስ። ስፌቱን አገላብጬ አየሁት። አንድም ክር አልተነቃነቀም።

ሰኔ 24፣ ረቡዕ

ስለ ጫማዎቹ ልጻፍ። ደብተሩን በሰው ጉዳት ብቻ ከሞላሁት የልጅ ልጄ ታዝንብኛለች።

በዚህ ወቅት ወለሉ በረዶ ነው። ሁሉም የላስቲክ ነጠላ ጫማ ይጫማል፤ ኮሪደሩ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል የፈረስ ግቢ ይመስላል። ባለፈው ወር ጽዳቷ (እኔ እመቤት ባልዲ ነው የምላት) ከዕቃ ቤት ሊጣሉ የነበሩ አራት አሮጌ ብርድ ልብሶች አምጥታ እግሬ ሥር ዘረገፈች።

«ምን ላድርጋቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አባባ። ሥራ ፈተው ከሚቀመጡ ብዬ ነው።»

«እነሱ ናቸው እኔ?»

«ሁለታችሁም።»

ምላሷ እንደ መወልወያዋ ነው፣ የማይደርስበት ጥግ የለም። እወዳታለሁ፤ ለራሷ ግን አልነገርኳትም፣ ትኮራለች።

እስከ ዛሬ አምስት ጥንድ ሰፍቻለሁ። አንዱ የፖስተኛው፣ አንዱ የሾፌሩ፣ አንዱ የወይዘሮ ሹራብ ነው። ወይዘሮ ሹራብ ያልኳት ሦስት ሹራብ ደርባ ስለምትለብስ ነው፤ አራተኛውንም ደብቃ ይሆናል። አንዱ የእመቤት ባልዲ እናት ነው፣ ቤቷ ወስዳላታለች። አንዱ የራሴ። መቀሱን ሲስተር ቢሮ ሄጄ ጠዋት ፈርሜ እወስዳለሁ፣ ማታ ፈርሜ እመልሳለሁ፣ እንደ ጦር መሣሪያ። ሲስተር የቤቱ ዋና ነርስ ናት። ፈገግ ስትል አይቻት አላውቅም፣ ግን ሲያመን ፊቷን ማየት ደስ ይላል።

ጫማው ሽፍን ነው፣ ተረከዝ ይይዛል፣ በእያንዳንዱ እግር ልክ ነው። የሶሉን ሥር ደግሞ እንዲሁ ጥሬውን መተው ህሊናዬ እሺ አላለኝም። የስፌት ጀርባ እንዳፈጠጠ ደንበኛ ፊት አይቀርብም፤ ጌታዬ የሙያ አባቴ በመስመሪያ እየመታ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከአሮጌ መጋረጃ ሳቲን ቆርጬ ከሥር ገበር አለበስኩት። አሁን ጫማው ከላይም ከታችም የተጨረሰ ሥራ ነው። ሲሄዱበት ድምፅ የለውም።

ሰኔ 28፣ እሑድ

የልጅ ልጄ መጣች። ጫማዬን አገላብጣ «የሱቅ ይመስላል» አለች። «ሱቅ ይህን ከየት ያመጣል» አልኳት። ሲስተርም በዚያው ስታልፍ ቆማ «ነጠላ ጫማ ሰው ይጥላል እያልኩ ስለፈልፍ የኖርኩት ይሄን ለማየት ነው፣ ሁሉንም አልብሱልኝ» አለች። የልጅ ልጄ ፊት ተመሰገንኩ። ቀኑን ሙሉ ቁመቴ ጨምሮ ዋለ።

ሰኔ 30፣ ማክሰኞ

መታጠቢያው ጋ ትንሽ ተንሸራተትኩ። ብረቱን ያዝኩ። ማንም አላየ። ጉልበቴ ነው፣ ዝናብ ሲይዝ እንዲህ ያደርገዋል።

ሐምሌ 2፣ ሐሙስ

ወይዘሮ ሹራብ ወደቀች። ከክፍሏ ደጃፍ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ። ሹራቦቹ እንደ ፍራሽ ተቀበሏት፤ ግንባሯ ላይ ግን እንቁላል የሚያህል እብጠት አለ። «ሰው ገፋኝ» ትላለች። ማንም አልነበረም።

ሲስተር ሰው ሲወድቅ የሚሞላውን ቅጽ ስትሞላ ጠረጴዛዋ ፊት ቆሜ መቀሱን እፈርም ነበር። ሃምሳ ዓመት ከባንኮኒ ወዲህ ሆኜ የደንበኛን ወረቀት በግልባጭ ሳነብ ስለኖርኩ፣ ቅጹን ተገልብጦ አነበብኩት። ሰዓት፣ ቦታ፣ መብራት፣ ወለል፣ ጫማ። ወለል የሚለው ላይ «አዲስ ሳሙና፣ የሚያንሸራትት ሳይሆን አይቀርም» ጻፈች። ጫማ የሚለው ላይ «ሽፍን፣ በልክ» ብላ ትክክል ምልክት አደረገች። የኔ ሥራ ቅጽ ላይ መግባቱ ነው።

ከዚያ እመቤት ባልዲ ተጠራች። በሩ አልተዘጋም። የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ነበር፦

«ቤተሰቦች እየደወሉ ነው። ሁለት ሰው በዐሥር ቀን። ሳሙናውን ማን አብዝቶ ነው የሚያፈሰው?»

«በክዳኑ ለክቼ ነው የማደርገው፤ እዚያው ላይ የተጻፈውን።»

«ሌላ ሰው ቢወድቅ እኔም ላግዝሽ አልችልም።»

ስትወጣ «እመቤት፣ ዛሬ ባልዲሽ የት ቀረ?» አልኳት። አልመለሰችልኝም። መልስ ሳትሰጠኝ ስታልፍ የመጀመሪያዋ ነው።

ሐምሌ 4፣ ቅዳሜ

ነገሩን ራሴ ልመረምረው ነው። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

ሜትሬን ይዤ ኮሪደሩን ለካሁ። ሠላሳ አንድ ሜትር ከዐርባ። የእጅ መያዣው ብረት ሁለት ቦታ ይቋረጣል፤ ፖስተኛው የወደቀው ግን ከተቋረጠበት ርቆ ነው። ቀጥሎ ወለሉ ያዘነበለ እንደሆነ ለማወቅ የክር ድውር አንከባለልኩ። ድውሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ የአዋላጇ እግር ሥር ቆመ። እሷ ስድስት ቁጥር ክፍል ያለች ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ በዚህ ቤት እኔን የማትፈራ ሁለተኛዋ ሴት።

«ምን ጠፍቶህ ነው አንተ ልብስ ሰፊ?»

«ሰው የሚጥለው ነገር።»

«እና ድውር ልከህ ነው የምትይዘው?»

«ወለሉ ያዘነብል እንደሆነ ላይ ነው።»

ጎንበስ ብላ ድውሩን አነሳች፣ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ። «እኔ ሁለት ሺህ ስንት ሕፃን ተቀብያለሁ፤ አንድም ከእጄ አልወደቀም። ለምን ይመስልሃል?» አለች።

«ለምን?»

«ሁልጊዜ ይወድቃል ብዬ ስለማስብ።» ድውሩን ሰጠችኝ። «የኔስ ጫማ መቼ ነው የሚደርሰው? ለሌላው ሁሉ ሰፍተህ።»

ልኳን ወሰድኩ። ትንሽ እግር ናት፣ ሠላሳ ስድስት። ፀጉሬን ቀደም ብዬ ማበጠር ነበረብኝ።

ሐምሌ 7፣ ማክሰኞ

ሳሙናውን መረመርኩ። እመቤት ባልዲ እያየችኝ ጣቴን ነከርኩ። ያንሸራትታል፣ ግን ሲደርቅ አያንሸራትትም። «አባባ፣ ልትቀምሰውም ነው?» አለች። ተመስገን፣ ምላሷ ተመለሰ። «እናትሽ ጫማውን ወደደችው?» አልኳት። «ቆንጆ ነው ትላለች» አለች።

የአዋላጇን ጨርሼ ሰጠሁ። ገበሩን ከሁሉ አሳምሬዋለሁ፣ አንድ መጨማደድ የለውም።

ሐምሌ 9፣ ሐሙስ

ሾፌሩ ወደቀ። ስምንት ሰዓት ላይ። አምቡላንስ። በኋላ እጽፋለሁ።

ሐምሌ 10፣ ዓርብ

የዳሌ አጥንቱ ተሰብሯል። ቀዶ ጥገና አድርገውለታል።

የሆነው እንዲህ ነው። ከምሳ በኋላ አረፍ ብለን ነበር። ከወንበሩ ሊነሳ ሲል «ስንተኛ ነው?» አልኩት። ተጫዋች ነው፤ «ዛሬ ሜዳ ነው፣ በሦስተኛ ልነሳ» ብሎ ማርሹን አስገብቶ ፈጠን ብሎ ተነሳ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ሦስተኛውን እግሩ ብቻውን ሄደ። ድምፁን አልጽፈውም።

እኔ ነኝ ያስቸኮልኩት። ባልቀልድበት ኖሮ ቀስ ብሎ ይነሳ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሳሰላስል ነጋ። ባዶ አልጋው ላይ ትራሱ የጭንቅላቱን ጉድጓድ እንደያዘ ነው።

እመቤት ባልዲን ወደ ቤቷ ሰደዷት። በሚመጣው ሐሙስ ኮሚቴ ተቀምጦ ይወስናል። ፖስተኛው ምሳ ላይ «ይህች ልጅ ገደለችን» አለ። ሁለት ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔ ሾርባዬን አየሁ።

ሐምሌ 11፣ ቅዳሜ

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሐሙስ ጠዋት የኛ ክፍል አልተወለወለም። እመቤት ባልዲን ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ጠርተዋት ነበርና እኛ ጋ ሳትደርስ ነው ምሳ የሆነው። ሾፌሩ «ዛሬ እመቤትህ ረሳችህ» ብሎ ሲነካኝ ነበር። እንግዲያው ሾፌሩ የወደቀው ሳሙና ባልነካው ወለል ላይ ነው። ወለሉ ከሌለበት ሳሙናው የለበትም፣ ሳሙናው ከሌለበት እሷ የለችበትም።

ታዲያ ምንድን ነው? ዝርዝር አወጣሁ። ፖስተኛው ጠዋት፣ ወይዘሮ ሹራብ ከሰዓት በኋላ፣ ሾፌሩ ከምሳ በኋላ። ሰዓቱ አይገጥምም። አንዱ ኮሪደር፣ አንዷ ደጃፍ፣ አንዱ ክፍል ውስጥ። ቦታውም አይገጥምም። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው፤ ሲስተርን እንደዋዛ ጠይቄያታለሁ። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ሦስቱም የኔ ደንበኞች መሆናቸው ብቻ ነው።

ይህችን ለቀልድ ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩ። ከዚያ ተመልሼ አነበብኳት።

ሐምሌ 12፣ እሑድ

የልጅ ልጄ ደውላ አልመጣም አለች፣ ፈተና ታርማለች። ደግ አደረገች።

የምግብ ትሪ ተበደርኩ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ አንዱን ጫፍ ቀስ እያልኩ እያነሳሁ፣ ጫማው መንሸራተት የሚጀምርበትን ከፍታ በሜትር ለካሁ። ሰው ያለበት እንዲመስል እያንዳንዱ ጫማ ውስጥ አንድ ሙሉ የውሃ ጠርሙስ አስተኛሁ። በመጀመሪያ የሾፌሩን ነጠላ ጫማ፣ ያንን ሲስተር ሰው ይጥላል የምትለውን። ሃያ ሰባት ሳንቲ ሜትር ድረስ ሙጭጭ ብሎ ቆየ። ቀጥሎ ጥሬ ብርድ ልብስ፣ ገበር ያላለበስኩትን ቁራጭ። ዐሥራ ስድስት።

ቀጥሎ የራሴን ጫማ።

ስምንት።

ትሪው እርጥብ ይሆናል ብዬ ወለወልኩት። ስምንት። የሌላኛውን እግር ሞከርኩ። ስምንት ተኩል።

አንድ ነገር ልጻፍ፣ ከዚያ መብራቱን አጠፋለሁ። ለደንበኛ ኮት ስሰፋ፣ ገንዘብ ለመቆጠብ «ገበሩ ይቅርብኝ» የሚል ይመጣል። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰጠሁት መልስ አንድ ነው፦ «ጌታዬ፣ ገበር ለጌጥ አይደለም። ክንድዎ እጅጌው ውስጥ እንዲንሸራተት ነው።»

ሐምሌ 13፣ ሰኞ

ዝናብ። ለማንም አልተናገርኩም።

መቀሱን ይወስዱብኛል። መርፌውንም። «አባባ አረጁ» ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ አዝራር እንኳ አያስነኩኝም፣ መስኮት ሥር እንደ ድስት ያስቀምጡኛል። የልጅ ልጄም ትሰማለች። ፖስተኛው ይሰማል።

ሐሙስ ገና ሦስት ቀን አለ።

ሐምሌ 14፣ ማክሰኞ

ዘዴ አገኘሁ። ጫማዎቹን ሁሉ ሰብስቤ ሶላቸውን እቀይራለሁ፤ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ያልቃል። «ላሻሽላቸው ነው» ብዬ የፖስተኛውን ወሰድኩ። «ላጥብልሽ» ብዬ የወይዘሮ ሹራብን ወሰድኩ፤ ሹራቧንም ልትሰጠኝ ነበር። የሾፌሩ አልጋው ሥር ነበሩ፣ ጎንበስ ብዬ አወጣኋቸው፤ ግራው ወደ ጎን ተጣሞ ነበር። የራሴ ጋር አራት ሆኑ።

አዋላጇ እንቢ አለች።

«ሳምንት ሳይሞላው ምኑን ነው የምታሻሽለው?»

«ስፌቱ ልክ አይደለም።»

«አንተ ስፌትህ ልክ አይደለም ብለህ ታውቃለህ? አሞሃል?»

«በቃ ስጪኝ።»

«በመጀመሪያ እውነቱን ስጠኝ።»

ስትወልድ የምታስቸግር ሴት እንደሚያዩ አድርጋ አየችኝ። ያን ዐይን አላውቀውም ነበር። ቁጭ አልኩና ትሪውን፣ ስምንቱን፣ ገበሩን፣ ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ሳበቃ ጫማዋን ከእግሯ አውልቃ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«አምስት» አለች።

«አዎ።»

«ስድስት ነው የሰፋሁ ብለህ አልነበር? ስድስተኛው ማን እግር ላይ ነው?»

የእመቤት ባልዲ እናት። ከነጭራሹ ረስቻታለሁ። ቤቷ የት እንደሆነ አላውቅም። ስልኳን አላውቅም። ልጅቷ እዚህ አትመጣም፣ አባረናታል። ያቺ ሴት ደግሞ ቤቷ ውስጥ እኔ አሳምሬ የሰፋሁትን ተጫምታ ትንቀሳቀሳለች።

«ስልኩ ሲስተር ቢሮ ነው» አለች አዋላጇ። «ነገ አይደለም። አሁን።»

ማታ፣ ያው ቀን

ሄድኩ። አምስቱን ጥንድ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ትሪውንም ይዤ። ሲስተር ልትወጣ ኮቷን እየለበሰች ነበር።

«አባባ፣ መቀሱን መልሰዋል እኮ።»

«መቀሱን አይደለም። ስልክ ይደውሉልኝ። የጽዳቷ እናት ጫማዋን ታውልቅ።»

ያበድኩ መሰላት። ትሪውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ፣ የነጠላ ጫማውንና የኔን ጎን ለጎን አድርጌ፣ ጫፉን አነሳሁ። የኔ ተንሸራቶ ወረቀቶቿ ላይ ወደቀ። ነጠላ ጫማው ቆሟል። ኮቷን እንደ ለበሰች ቁጭ አለች። መዝገቡን ገልጣ ደወለች።

ጠራ። ጠራ። አልተነሳም። ድጋሚ ደወለች። በሕይወቴ ለደንበኛ እንዲህ ጠብቄ አላውቅም። በሦስተኛው ልጅቷ አነሳች።

«ሲስተር? ሐሙስ ነው የተባልኩት…»

«ስለሱ አይደለም። እናትሽ አባባ የሰፉላትን ጫማ አድርጋለች?»

ድምፅ ማጉያው ላይ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «እማዬ? እሷማ ለክት ነው ብላ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። አንድ ቀን አላደረገችውም። አባባ እንዳይሰሙ።»

ሥራዬን ባለመልበስ ያስደሰተኝ ደንበኛ እሷ ብቻ ናት።

ሲስተር ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሦስቱን ቅጾች አውጥታ ደረደረቻቸው። «ሽፍን፣ በልክ» የሚለው ላይ ጣቷን አደረገች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ሦስቴም ራሴ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «የጫማዎቹን ሥር አንድም ቀን ገልብጬ አላየሁም። ሁሉንም አልብሱልኝ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ምን ያውቃሉ? ገበር ምን እንደሚሠራ የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ይናገሩታል?»

«መቀሱን ይወስዱብኛል?»

«ይናገሩታል?» አለችኝ እንደገና።

ሐምሌ 16፣ ሐሙስ

ተናገርኩ። በትሪው። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሦስት ጊዜ አነሳው፤ ሦስተኛውን ለጨዋታ ይመስለኛል። ፖስተኛው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ስወጣ «እና እግሬ አልነበረም የቀደመኝ፣ አንተ ነህ» አለኝ። እውነቱን ነው። ምሳ ላይ አጠገቤ አልተቀመጠም።

ሐምሌ 17፣ ዓርብ

እመቤት ባልዲ ተመለሰች። ክፍላችንን ወለወለች፣ ከአልጋው ሥር ጀምራ፣ ቀና ሳትል። ይቅርታ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅበትም፤ ሁልጊዜ በቀልድ ነው የምጀምረው።

«ሳሙናሽን ነክሬ ስቀምሰው ደህና ነበር» አልኩ።

«አባባ።» መወልወያዋን አቆመች። «ሰባት ቀን ለእናቴ ምን ብዬ እንደዋልኩ ያውቃሉ? ዕረፍት ሰጡኝ ብያታለሁ። ሰባት ቀን ሙሉ እየዋሸኋት ሻይ አፈላችልኝ።»

«መቼ ነው ያወቁት?» ስትል ቀጠለች።

እሑድ፣ አልኩ። ማክሰኞ እንደተናገርኩ ታውቃለች። መቁጠር ትችላለች። ባልዲዋን አንስታ ወጣች። አልተከተልኳትም።

ሐምሌ 21፣ ማክሰኞ

ሲስተር ጠርታኝ መቀሱን ሳልጠይቅ ሰጠችኝ። «እዚሁ ቢሮዬ ተቀምጠው ይሥሩ፣ የሚሠሩትን ሁሉ በትሪ ፈትነን ነው የምናስወጣው» አለችኝ። ከገላ መታጠቢያው የተነሣ አሮጌ የጎማ ምንጣፍ ሰጠችኝ። ቆርጬ ሞከርኩት። ትሪው ሠላሳ አንድ ሳንቲ ሜትር ሲደርስ የተንሸራተተው ጠርሙሱ እንጂ ጫማው አልነበረም። ግን ጎማው በመርፌ አይበሳም፣ ጣቴን ሦስት ቦታ ወጋሁ። ሙጫ ይይዘው ይሆን? ሙጫስ ሲረጥብ? ማወቅ እፈልጋለሁ።

እመቤት ባልዲ ቢሮውን ስትጠርግ የተቆራረጠውን ጎማ ከእግሬ ሥር ሰብስባ፣ ሳትጥለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። አላናገረችኝም። ግን አልጣለችውም።

ሐምሌ 28፣ ማክሰኞ

ሾፌሩ ተመለሰ። በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ሐኪሙ በመደገፊያ ሊቆም ይችላል ብሎታል፣ እሱ ግን አልሞከረም። ሲስተር ሁለቴ ይነሡ ብላው ሁለቴም «ይቆየኝ» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የዋለው። ይህ ሰው ግድግዳ ይጠላ ነበር፤ አልጋውን በር አጠገብ ያደረገው መንገድ ለማየት ብሎ ነው።

ሲመሽ ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነገርኩት። ከፖስተኛው ጀምሬ፣ የአዋላጇን፣ የትሪውን፣ ሁሉንም። ያቺን «ስንተኛ ነው» ያልኩትንም። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፤ የሾፌር ስድብ ደግሞ አውቃለሁ።

ጭንቅላቱን ወደኔ አዞረ።

«ገበሩ ምን ነበር?»

«ሳቲን። የመጋረጃ።»

«ሳቲን።» ቃሉን በአፉ አገላበጠው። «እኔ እኮ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን እግሬ ከዳኝ ብዬ ነው የተኛሁ። ማታ ማታ አነጋግረው ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ፍሬን ስረግጥብህ ሳትከዳኝ ዛሬ ምን አደረግኩህ እያልኩ።»

«እግርህ አይደለም።»

«ትሪው ላይ ስንት ነው ያልከኝ?»

«ስምንት።»

«ነጠላ ጫማውስ?»

«ሃያ ሰባት።»

ሲያሰላ አየሁት። ግንባሩ እንደ ድሮው ተሸበሸበ። «ታዲያ ጥፋቱ ያንተ ከሆነ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እግሬ ደህና ነው ማለት ነዋ።»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«አንተ ጅል ልብስ ሰፊ» አለኝ። «ይህን ለመናገር ነው ዐሥራ ዘጠኝ ቀን የፈጀብህ? ሆስፒታል ስልክ የለም?»

ከዚያ ነገ ጠዋት ሲስተርን እንድጠራለት፣ መደገፊያውንም እንድታመጣ ነገረኝ። በባዶ እግሩ ግን አይቆምም፤ ወለሉ በረዶ ነው። ብርድ ልብሱን ገልጬ ሜትሬን አወጣሁ። ቀኙ አርባ ሁለት፣ እንደ ቀድሞው። ግራው አብጧል፣ ከላይ አንድ ጣት ተኩል ሰፋ ይበል፣ ማሰሪያ ይኑረው። ሶሉ ጎማ። ሙጫውን ዛሬ ከቀባሁት እስከ ጠዋት ይደርቅ እንደሆነ አላውቅም፣ ሲስተርን ቢሮውን ይክፈቱልኝ ልላት ነው።